የመታጠቢያ ቤትና የኩሽና ቧንቧ ዕቃ ስንገዛ ምን እንይ?

ቤት አዳሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መታጠቢያ ቤታችንንና ኩሽናችንን እያደስን ነው። ግድግዳው ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት የቧንቧ ዕቃውን መርጠን መጨረስ አለብን። ሱቅ ስንገባ ግን ሁሉም ያብረቀርቃል። ሁለት የሚመሳሰሉ ሚክሰሮች (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅሉ ቧንቧዎች) ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ይጠየቅበታል። ሻጩን ብንጠይቀው «ያኛው ኦሪጅናል ነው» ከማለት አያልፍም።

ጥሩ ሚክሰር ከመጥፎው በምን ይለያል? ባለቤቴ ደግሞ ከላይ እንደ ዝናብ የሚወርደውን ሰፊ ሻወር ወዳዋለች። ውሃችን የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ነው፤ ይሠራልን ይሆን? ለኩሽና ሲንክስ የቱ ብረት ይሻላል? ገንዘባችን ለሁሉም አይበቃም። የቱ ላይ እናውጣ፣ የቱ ላይ እንቆጥብ? የምታውቁ ብትረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

ባለ ቁልፉ፦

ቤት አዳሽ፣ በጥሩ ሰዓት ጠይቀሃል። ቧንቧ ሥራ መተዳደሪያዬ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠራኝ ሴራሚኩ ተለጥፎ፣ ዕቃው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ነው።

ከሻወሩ ልጀምር። ከዕቃው በፊት ግፊታችሁን እወቁ። ግፊት የሚለካው በባር ነው። ውሃ በራሱ ክብደት ሲወርድ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ ያገኛል። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያላችሁ 0.2 ባር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ የመስመሩ ርዝመትና መታጠፊያዎቹ ይቀንሱበታል። ሰፋፊዎቹ የዝናብ ሻወሮች አብዛኞቹ 1 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በ0.2 ባር ከመሃሉ ይንጠባጠባል እንጂ አይዘንብም። ካርቶኑ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ይጻፋል። ካልተጻፈ አትግዛው።

አሁን ባለው መስመር ላይ ባልዲ ደግነህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ክፈተው። የሚገባውን ውሃ ለካ። ለተራ የእጅ ሻወር በደቂቃ ከ6 እስከ 9 ሊትር በቂ ነው። የዝናብ ሻወሩ 12 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤትህ የዝናቡን ካላገኘሁ ካለች ከታንከሩ ቀጥሎ አነስተኛ የግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ይግባ። ፓምፑን በቀጥታ ከመንገድ በሚመጣው መስመር ላይ እንዳታስገጥመው። የጎረቤትን ውሃ ይስባል፤ መስመሩ ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ቆሻሻ አብሮ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሙቅና ቀዝቃዛው ውሃ ተቀራራቢ ግፊት ሊኖራቸው ይገባል። ቀዝቃዛው ከመንገድ በኃይል እየመጣ፣ ሙቁ ከጣሪያ በዝግታ ከወረደ ሚክሰሩ ማስታረቅ አይችልም። ቀዝቃዛው ሙቁን እየገፋ ይመልሰዋል። ሰው ግን «ሚክሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ይገዛል። ሁለቱንም ከአንድ ታንከር ካወረዳችሁ ችግሩ ይቀላል።

ስለ ሚክሰሩ ማታ እመለሳለሁ፤ ሥራ ላይ ነኝ።

መሐንዲሷ፦

ባለ ቁልፉ እስኪመለሱ ግድግዳው ሳይዘጋ መደረግ ያለበትን ልናገር።

ግድግዳ ላይ የሚገጠም ሚክሰር በሙቅና በቀዝቃዛው መግቢያ መካከል ያለው ርቀት፣ ከመሃል እስከ መሃል፣ ብዙ ጊዜ 150 ሚሊ ሜትር ነው። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ። አብሮት የሚመጣው ጠማማ ማያያዣ ትንሽ ስህተት ያቃናል፤ ብዙ ስህተት ግን አያቃናም። ሁለቱ ጫፎች ከሴራሚኩ ገጽ ጋር እኩል መውጣታቸውንም አረጋግጡ። ስለዚህ ሴራሚኩና ማጣበቂያው የሚጨምሩት ውፍረት አስቀድሞ ይታሰብ።

መስመሩ በግፊት ይፈተን። የተለመደው ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሞልቶ፣ ዘግቶ፣ መለኪያው መውረድ አለመውረዱን ማየት ነው። «ፈትኜዋለሁ» የሚል ቃል አይበቃም። ቆማችሁ እዩት።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ሜትር ዘርግታችሁ የእያንዳንዱን መስመር ፎቶ አንሱ። ለመስታወትና ለፎጣ መስቀያ ግድግዳ በምትበሱበት ቀን ታመሰግኑኛላችሁ።

ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ሚክሰር ከመረጣችሁ ደግሞ ካርትሪጁ (ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የውስጥ ክፍል) የግድግዳው ሴራሚክ ሳይሰበር ከፊት ለፊት የሚወጣ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ፈትታችሁ እዩ። የማይወጣ ከሆነ በምንም ዋጋ አትውሰዱት።

ባለ ቁልፉ፦

ተመልሻለሁ። መሐንዲሷ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ፎቶው በተለይ።

እንግዲህ ሚክሰር። መጀመሪያ በእጅህ መዝነው። ጥሩው አካሉ ብራስ ነው፤ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት። ከበድ ይላል። ርካሹ በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ወይም ክሮም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። የዚንክ ቅይጥ ለእጀታና ለጌጥ ክፍል ችግር የለውም። ውሃ የሚያልፍበት አካል ሲሆን ግን ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል፤ ጥርሱም (የሚታሰርበት ጠመዝማዛ) ቶሎ ይሰበራል። ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ የዚንክ ቅይጥም ይከብዳል። ገልብጠህ ቱቦው የሚገባበትን ጥርስ እይ። ብራስ ከሆነ ክሮም ያልነካው ቦታ ቢጫ ነው። ግራጫ ካየህ መልሰው።

ሁለተኛው ካርትሪጁ ነው። የሚክሰሩ ልብ እሱ ነው። በውስጡ እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች አሉ። ጥሩዎቹ ለዓመታት አይንጠባጠቡም። ዋና ጠላታቸው አሸዋ ነው። የባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ካርትሪጅ በብዛት 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩን «የዚህ ካርትሪጅ ለብቻው ይሸጣል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። አውጥቶ ካሳየህ ግዛ። ዕድሜ ልክ ዋስትና ተጽፎበት መለዋወጫው ከሌለ ዋስትናው ወረቀት ነው። እኔ መካከለኛ ዋጋ ኖሮት መለዋወጫው የሚገኘውን፣ ውድ ሆኖ ከማይገኘው አስበልጣለሁ።

እጀታውን በዝግታ አንሳው፣ ዝቅም አድርገው። እንደ ቅቤ እኩል መሄድ አለበት። መሃል ላይ የሚይዝ፣ የሚላላ ወይም የሚነቃነቅ ከሆነ ገና ሱቅ ውስጥ ችግር አለበት።

መሐንዲሷ፦

ለመጠጥ ውሃ የሚያገለግል ከሆነ ስለ እርሳስም ጠይቁ። ብራስ እንዲቀረጽ እንዲመች ትንሽ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። በአሜሪካ ከ2014 ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የሚውል ዕቃ ውሃ የሚነካው ገጽ በአማካይ ከ0.25 በመቶ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ካርቶኑ ላይ «ከእርሳስ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት የኩሽናው ቧንቧ ላይ ይህን አልተውም። ውሃው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ካደረ ደግሞ ጠዋት ለመጠጥ ከመቅዳታችሁ በፊት ትንሽ አፍስሱት። የፈሰሰው ለዕፅዋት ይሆናል።

ንጹሕ ኩሽና፦

ወደ ሲንኩ ልምጣ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔት የሚይዘውን አትግዙ። ይዝጋል።

ብረት ነካሽ፦

ንጹሕ ኩሽና፣ እህቴ፣ ማግኔቱ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ማግኔት የሚይዘው 430 የሚባለው የአይዝጌ ብረት ዓይነት ነው፤ ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል። 304 ውስጥ 18 በመቶ አካባቢ ክሮሚየምና 8 በመቶ አካባቢ ኒኬል አለ፤ ማግኔት አይይዘውም። ግን 201ንም ማግኔት አይይዘውም። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የገባበት ነው። ሱቅ ውስጥ ከ304 አይለይም። ቤት ገብቶ ጨውና በረኪና ሲያገኘው ነው የሚለየው። ደግሞ 304 ራሱ ሲታጠፍና ሲጎተት ጥጉ ላይ ማግኔት በትንሹ ሊስብ ይችላል። በዚያ ምክንያት ጥሩውን ሲንክ ጥለሽ እንዳትወጪ።

የሚሻለው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማየትና ደረሰኙ ላይ «304» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ሻጩ ለመጻፍ ካመነታ መልሱን አግኝታችኋል።

ውፍረትም አለ። በጌጅ ከተጻፈ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 16 ጌጅ 1.5 ገደማ ነው። ለቤት 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበቃል። በጣም ስሱ ከሆነ መሃሉን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ይሰምጣል። ከሥሩ ድምፅ የሚውጥ ጎማ የተለጠፈበት ከሆነ ውሃው ሲወርድ ከበሮ አይሆንባችሁም።

ንጹሕ ኩሽና፦

አመሰግናለሁ ብረት ነካሽ፣ የ201ን ነገር አላውቅም ነበር። እኔ በየቀኑ እንደሚያጥብ ሰው ደግሞ ልናገር። ጥጉ ፍጹም ስለት የሆነ አራት ማዕዘን ሲንክ ያምራል፤ ጥጉ ውስጥ የሚገባው ቅባት ግን በጣት አይወጣም። ትንሽ ክብ ያለውን ምረጡ። ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ድስት ይችላል፣ ወገብም አይጎዳም። የቧንቧው አፍ ደግሞ ወደ ማፍሰሻው ቀረብ ብሎ ይውረድ። አጭር ከሆነ የሲንኩ ግድግዳ ላይ እየመታ ልብስ ያርሳል። እነዚህን ካርቶን አይነግራችሁም።

ጥቁር ወዳጅ፦

እኛ ሁሉንም ማት (የማያብረቀርቅ) ጥቁር አድርገነዋል። በጣም ያምራል። ቤት አዳሽ፣ ክሮም ያረጀ ነገር ነው፤ ጥቁሩን ሞክረው።

ንጹሕ ኩሽና፦

ያምራል፣ አልክድም። ውሃችሁ ጨዋማና ከባድ ከሆነ ግን ጥቁሩ ላይ ነጩ ቅርፊት ከሩቅ ይታያል። ክሮም ላይ በጨርቅ ይወለወላል፤ ጥቁር ቀለም ላይ ግን ስታሹት ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

ባለ ቁልፉ፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ልዩነቱ ቀለሙ እንዴት እንደተቀባ ነው። እንደ ቀለም የተረጨው ይላጣል። ፒ ቪ ዲ የሚባለው፣ በአየር አልባ ክፍል ውስጥ በትነት የሚለበጠው፣ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ይወደዳልም። ጥቁር የፈለገ ፒ ቪ ዲውን ያግኝ። ያልቻለ በክሮም ይቆይ። ክሮም በኒኬል ላይ በደንብ ከተለበጠ ብዙ ዘመን ይኖራል።

ቤት አዳሽ፦

ባለ ቁልፉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መሐንዲሷ፣ ብረት ነካሽ፣ ሁላችሁም ኑሩልኝ። ባልዲውን ሞክሬዋለሁ፤ ለዝናብ ሻወሩ አይበቃም። ባለቤቴ በእጅ ሻወር ተስማምታለች፤ ለፓምፕ የሚሆነውን ወደ ጥሩ ሚክሰር እናዞራለን። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የማይታየው ዕቃ ነው። ከሲንኩ ሥር ያሉት ቱቦዎችና መዝጊያዎች ርካሹን ብወስድስ? ማንም አያያቸውም።

ባለ ቁልፉ፦

እባክህ እንደሱ እንዳታደርግ። ቤት የሚያጥለቀልቀው የሚታየው አይደለም። ሚክሰር ሲበላሽ ይንጠባጠባል፤ አይተህ ትጠግነዋለህ። ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው ቱቦ) ሲበጠስ ግን ቤት ውስጥ ሰው የለም። ከመዝጊያው እስከ ሚክሰሩ ሁልጊዜ ሙሉ ግፊት ተሸክሞ ይኖራል፤ ቧንቧው ተዘግቶም ቢሆን።

ከላይ የተጠለፈው ሽቦ አይዝጌ ብረት መሆኑን እይ። ርካሹ አሉሚኒየም ሽቦ ነው። ቶሎ ይበጣጠሳል። ሲንክ ሥር በረኪና የሚቀመጥበት ቤት ደግሞ ትነቱ አይዝጌውንም ይበላዋል። በረኪናውን ሌላ ቦታ አድርጉት። ርዝመቱን ለካ። የተወጠረም፣ የተጠማዘዘም አይሁን። ስትገጥም በእጅህ አጥብቀህ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምርበት። ጫፉ ላይ ጎማ ስላለው ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ስስ ነጭ ጥቅል) አያስፈልገውም። ጎማውን አጥብቆ የሚጨፈልቀው ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚያስፈስሰው። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ጥርስ ለጥርስ ሲታሰር ነው፤ እሱም የሚታሰርበትን አቅጣጫ ተከትሎ ይጠቀለል። በተቃራኒው ከጠቀለልከው ስታስር ይተረተራል።

ሽቦው ላይ ዝገት ወይም እብጠት ያየህ ዕለት ቀይረው። ባይታይም ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር ይሻላል። መዝጊያዎቹን በየጥቂት ወሩ ዘግተህ ክፈታቸው። ሳይነኩ ከኖሩ በጨነቀህ ሰዓት አይዞሩም።

መሐንዲሷ፦

በዚህ ላይ አንድ ቃል። የፕላስቲክ ሴት ጥርስ ውስጥ የብረት ወንድ ጥርስ በቁልፍ አታስሩ። ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴ ከወራት በኋላ። ውስጡ ብራስ የተቀበረበት ማያያዣ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ሥራው አልቆ ሚክሰሮቹ ከመገጠማቸው በፊት ደግሞ መስመሩ በኃይል ይታጠብ። ሲሚንቶና አሸዋ ውስጡ ቀርቶ ነው አዲስ ካርትሪጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያበላሸው። ዋናው መግቢያ ላይ ማጣሪያ ቢገባ የሁሉንም ዕድሜ ያረዝማል።

የማታ ጥያቄ፦

ይቅርታ፣ ወሬውን ላቋርጣችሁ። የኩሽና ቧንቧችን በድንገት ውሃው ቀጠነ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ካርትሪጁ ነው?

ንጹሕ ኩሽና፦

መጀመሪያ የቧንቧውን አፍ ፍቺው፤ ያ አየር የሚቀላቅለው ወንፊት ያለበትን። በጨርቅ ይዘሽ አዙሪው፤ በባዶ ፒንሳ ከያዝሽው ክሮሙ ይጫራል። ውስጡ አሸዋና ነጭ ቅርፊት ታገኛለሽ። አቼቶ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆይተሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ያለ ወንፊቱ ክፈቺና እይ። ውሃው በኃይል ከመጣ ችግሩ እሱ ነበር። የሻወር ራስም እንዲሁ ነው። ወርቅማ ወይም ቀለም የተቀባ ዕቃ ላይና እብነ በረድ ላይ ግን አቼቶ አይንካ።

የማታ ጥያቄ፦

ወንፊቱ ነበር! ተባርኪ። ሌላም ልጠይቅ፤ ሽንት ቤታችን ማንም ሳይነካው ማታ ማታ ውሃ ሲሞላ ይሰማል።

ባለ ቁልፉ፦

ከላይኛው ሳጥን ወደ መቀመጫው ውሃ እየሾለከ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሪና ለግማሽ ሰዓት እንዳትለቂው። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ከታች ያለው ጎማ አልቋል ወይም ቅርፊት ይዞታል። አጽጂው፤ ካልሆነ ለውጪው። ርካሽና ቀላል ሥራ ነው። ሳጥን ውስጥ የሚጣሉት የክሎሪን ክኒኖች ይህን ጎማ ያደርቁታል፤ አትጠቀሙባቸው።

ቤት አዳሽ፣ አዲስ መቀመጫ ስለምትገዛ ልንገርህ። ባለ ሁለት ቁልፉን ውሰድ፤ 3 እና 6 ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ። የቆዩት በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቁ ነበር። ከመግዛትህ በፊት ከተጠናቀቀው ግድግዳ እስከ ወለሉ መውጫ መሃል ያለውን ርቀት ለካ። ብዙዎቹ ለ305 ሚሊ ሜትር የተሠሩ ናቸው፤ ሌላም አለ። ሳትለካ ከገዛህ ወይ ግድግዳው አያስገባውም፣ ወይ ከኋላው ክፍተት ይተዋል። የውስጡ ዕቃም መለዋወጫ ያለው ይሁን። እንደ ካርትሪጁ ነው ነገሩ።

ጠረን ያስመረረው፦

እኛ ጋ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሽታ ይመጣል። በረኪና ስንደፋበት ለአንድ ቀን ይተወናል።

መሐንዲሷ፦

ሲፎኑ (ከማፍሰሻው ሥር ውሃ የሚይዘው ጠማማ ቱቦ) ደርቋል ወይም በትክክል አልተሠራም። ሲፎን ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው ሽታውን የሚዘጋው፤ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል። ብዙም የማትጠቀሙበት ማፍሰሻ ከሆነ ውሃው ይተንናል። በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ አፍሱበት። ረጅም ጊዜ ከቤት የምትርቁ ከሆነ በላዩ ላይ ጥቂት ዘይት ብታደርጉ ትነቱን ያዘገየዋል። ውሃ ሞልታችሁት ሌላ ቦታ ውሃ ሲለቀቅ «ጉልጉል» እያለ የሚጠባው ከሆነ ግን መስመሩ አየር ማስገቢያ የለውም። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

እና እባካችሁ፣ በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በምንም ዓይነት አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጎዳል። ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ። የተደፈነ መስመር ላይ ኮስቲክ ሶዳ ከደፋችሁ በኋላ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ከጠራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሲፈታው ፊቱ ላይ ይረጫል።

ባለ ቁልፉ፦

ይህን የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ሳይነገራቸው ዓይናቸው የተጎዳ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ለተደፈነ ሲንክ መጀመሪያ የጎማ መሳቢያውን ሞክሩ። ካልሆነ ከሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ ሲፎኑን በእጅ ፍቱ። ቆሻሻው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። ቅባት ወደ ሲንክ አትድፉ፤ በወረቀት ጠርጋችሁ ጣሉት።

ጥቁር ወዳጅ፦

የኛ ቧንቧ ትንሽ ነው የሚንጠባጠበው፤ በሰከንድ አንድ ጠብታ ቢሆን ነው። ሰው መጥራት ይገባል?

ብረት ነካሽ፦

በቀን 86,400 ጠብታ ነው ወንድሜ። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ብንል በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። ሲንኩ ላይም መስመር ሠርቶ ይቀራል። የቆየው ባለ ጎማ ዓይነት ከሆነ ጎማውን ብቻ ለውጠው። ባለ አንድ እጀታ ከሆነ ውሃውን ዝጋ፣ ካርትሪጁን አውጣና ይዘኸው ሱቅ ሂድ። መጠኑን በቃል አትናገር፤ ዕቃውን አሳይ።

ቤት አዳሽ፦

ገዝተናል። ብራስ ሚክሰሮች፣ ጥርሳቸው ቢጫ መሆኑን አይቼ። ለሁለቱም ትርፍ ካርትሪጅ ይዣለሁ። ሲንኩ 304 ነው፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፎልኛል። አንድ ሱቅ ለመጻፍ እምቢ ስላለ ትተነው ወጣን። ፍሌክሲብልና መዝጊያ ላይ አልቆጠብንም፤ የቆጠብነው የፎጣ መስቀያና የሳሙና ማስቀመጫ ላይ ነው። ነገ መስመሩ በግፊት ይፈተናል፤ እኔም እቆማለሁ። በመታጠቢያ ገንዳው ዙሪያ የሚደረገውን ሲሊኮንስ መቼ እናድርገው?

ባለ ቁልፉ፦

ጎበዝ። ገንዳው አክሪሊክ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ሙላው። ሲሞላ ዝቅ ይላል፤ ክፍተቱም ይሰፋል። እንደሞላ ሲሊኮኑን አድርግና ሳይደርቅ አታፍስሰው። ባዶውን ካደረግከው በመጀመሪያው መታጠብ ይላቀቃል። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የተሠራውን፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ግዛ። ገጹ ደረቅና ከአሮጌ ሲሊኮን የጸዳ ይሁን። 24 ሰዓት ውሃ አታስነካው። የነገውን ፈተና ውጤት ጻፍልን፤ መለኪያው ከወረደ ሴራሚክ ሠሪው እንዳይጀምር አድርግ።